ክፍሉን ብቻ አይታችሁ አትከራዩ (ከ9 ቤት በኋላ የተጻፈ)

ባለፈው ሳምንት አንድ የማውቀው ልጅ ደወለና "ቤት አግኝቻለሁ፣ ናና እይልኝ" አለኝ። ሄድኩ። ለካ ቀብዱን ከፍሎ፣ ውሉን ፈርሞ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነው የጠራኝ። ታዲያ ምኑን ልይልህ ስለው "አይ፣ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው" ይለኛል። እውነት ለመናገር ክፍሉ ያምራል፣ ቀለሙ አዲስ፣ ወለሉ ሴራሚክ። መስኮቱን ከፈትኩት። ፊት ለፊት እጄን ብዘረጋ የምነካው ግድግዳ፣ ወደ ታች ሳይ ደግሞ ቁም ሳጥን የሚያክል ጀነሬተር። "ይሄ ሲነሳ ሰምተኸዋል?" አልኩት። አልሰማውም፣ እሱ ያየ ቀን መብራት ነበራ!

እኔ ደላላም አከራይም አይደለሁም። ሰው በሰው ላይ የተደራረበበት ሰፈር ውስጥ በ13 ዓመት 9 ቤት የቀየርኩ ተከራይ ነኝ፣ ጓደኞቼም ቤት ሲያዩ ይዘውኝ መዞር ለምደዋል። እንደዚህ ዓይነት ሰፈር እወዳለሁ፣ ሥራ በእግሬ ነው የምሄደው፣ አምሽቼ ስገባም መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም። ግን የተጠጋጋ ሰፈር ላይ ክፍሉን የምትከራዩት ከግድግዳው ጀርባ ካለው ሰውዬ፣ ከስር ካለው ሱቅ፣ ከላይ ከሚወርደው ቧንቧ ጋር ነው። ሰው ግን ገብቶ ወለሉንና ቀለሙን አይቶ ይወጣል።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ቤትን አንዴ ብቻ፣ በቀን፣ በሥራ ሰዓት አይቶ መፈረም። ኧረ ተው! ደላላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይዟችሁ የሚሄደው ለምን ይመስላችኋል? በዛ ሰዓት ሕንፃው ባዶ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤቱ ሥራ፣ የታችኛው ባር በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ውሃ የሚሻማችሁ የለም፣ ቧንቧውን ስትከፍቱት ፏ ይላል፣ ገነት ያገኛችሁ ይመስላችኋል፤ ከዛ ትገቡና በመጀመሪያው አርብ ሌሊት "ኧረ ምን ጉድ ውስጥ ነው የገባሁት" ብላችሁ ትደውሉልኛላችሁ። ሦስቴ ሂዱ። አንዴ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ፣ አንዴ አርብ ወይ ቅዳሜ አምሽታችሁ፣ አንዴ ደግሞ ገና ሳይነጋ። አከራዩ ማታ አላስገባም ካለ ችግር የለም፣ ውጪ ቆማችሁ ግማሽ ሰዓት አዳምጡ። ደረጃ ላይ የምታገኙትን ተከራይ "እንዴት ነው ቤቱ?" በሉት፣ ተከራይ ለተከራይ አይዋሽም። ደላላው ቀድሟችሁ ገብቶ በቀን መብራት ካበራ ደግሞ አስጠፉት፣ ያኔ ነው ክፍሉ ስንት ብርሃን እንዳለው የሚታየው።

ሌሊቱን የተማርኩት በ4ተኛው ቤቴ ነው። ቀንም ማታም አይቼዋለሁ፣ ጸጥ ያለ ቤት። ከስሬ ዳቦ ቤት ነበር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሊጥ ማሽኑ ይነሳል። የጆሮ መድፈኛ ገዛሁ፣ ምንም ለውጥ የለም፣ ምክንያቱም ድምፁ የሚመጣው በአየር አይደለም፣ ማሽኑ ወለሉን ያንቀጠቅጣል፣ ወለሉ ኮለኑን፣ ኮለኑ የኔን ወለል፣ የኔ ወለል አልጋዬን፣ በጀርባዬ ነበር የምሰማው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት ድምፅ ውጪ ላይ ሲለካ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ፣ እቅጩን ባይነግራችሁም ግምት ይሰጣል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ "50 ቢሆን ምን አለበት" አትበሉ። ግድግዳውንም በጣታችሁ አንኳኩት፣ እንደ ካርቶን ባዶ ድምፅ ከሰጠ የጎረቤታችሁን ሳል እየቆጠራችሁ ልታድሩ ነው።

ውሃን በባልዲ ለኩ። ማታ፣ ሁሉም ሰው ሲጠቀም፣ 10 ሊትር ባልዲ ለመሙላት ከ2 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ሻወሩን እርሱት። ላይኛው ፎቅ የምትከራዩ በተለይ፣ ውሃ በየ10 ሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ 1 ባር ያህል ግፊት ያጣል (የግፊቱን ባር ነው፣ የመጠጡን ከላይ ጨርሰናል)። ፓምፕ አለ ከተባላችሁ ይሠራል ወይ፣ ሲበላሽስ ማን ነው የሚያሠራው ብላችሁ ጠይቁ። ታንከሩንም ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ክዳን እንዳለው እዩት፣ እኔ አንዴ ወጥቼ ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም።

የጋራ ቆጣሪ ካለ እንዴት እንደሚካፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። በሰው ቁጥር ነው? በክፍል? እኩል? ጎረቤቴ ጥሩ ሴት ናት፣ አሁንም ጓደኛዬ ናት፣ ግን ቤቷ ውስጥ ፀጉር መሥራት ጀመረችና ካስክ ምናምን አስገባች፣ እኔ አንድ ላፕቶፕና አንድ አምፖል ይዤ ለ6 ወር የመብራቱን ግማሽ ከፈልኩ። አፍሬ ነዋ! ዝም ማለትም ስህተት ነው፣ በ1ኛው ወር የሚወራ ነገር በ6ተኛው ወር ጠብ ይሆናል።

ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን አትሰኩ። 2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ብዙው ኤክስቴንሽን ደግሞ ጀርባው ላይ ከ10 አምፔር በላይ አልችልም ነው የሚለው፣ ውሃ ማፍያውን ስትጨምሩበት አበቃ። ሰፊ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ቢሆን የራሳችሁ ጉዳይ ነበር፣ እዚህ ግን የናንተ ሶኬት ሲቃጠል 30 ሰው ነው በፒጃማ የሚወጣው።

ይሄኛው ላይ ቀልድ የለም፦ በዘጋችሁት ክፍል ውስጥ ከሰል አታጭሱ፣ ጀነሬተር አታስነሱ። ከሁለቱም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝታችሁ አትነቁም። ከመስኮታችሁ ስር ጀነሬተር ካለም ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የልጁን ቤት ሳይ መጀመሪያ ሆዴን ባር ባር ያሰኘኝም ከጫጫታው በላይ እሱ ነው።

አዲስ ቀለም ስታዩ ደስ አይበላችሁ። በተለይ አንድ ጥግ ብቻ ከተቀባ ከስሩ ሻጋታ እንዳለ ጠርጥሩ። እጃችሁን አስደግፉት፣ ከቀዘቀዘና ከረጠበ ታውቁታላችሁ፣ ቁም ሳጥን ካለ አስነስታችሁ ጀርባውን እዩ። ግን ሁሉንም አከራይ ላይ አንጫን፣ ግማሹን ሻጋታ የምናመጣው እኛው ነን፣ መስኮት ዘግተን ልብስ ክፍል ውስጥ እናሰጣለን፣ ውሃ እናፈላለን፣ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። እኔ ለክረምት ያስቀመጥኩትን ቡትስ ሳወጣው አረንጓዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዕቃ ከግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ፣ አየር ይለፍበት።

መንገድ ላይ የተጣለ ፍራሽ ማንሳት፦ ትኋን። ሳይበላ ወራት ይቆያል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

መታጠቢያ ቤቱ ከሸተታችሁ ደግሞ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ወለሉ ላይ ያለው ማፍሰሻ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ። ከስሩ ሲፎን የሚባል የታጠፈ ቧንቧ አለ፣ እዛ እጥፋት ላይ የሚቀረው ውሃ ነው የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው፣ ሳትጠቀሙበት ከቆያችሁ ይደርቅና ሽታው (አንዳንዴም በረሮው) ሽቅብ ይመጣል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሽማግሌ 2 ወር ሙሉ በልቤ ስሰድባቸው ነበር። ኋላ ላይ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ እየሳቀብኝ ባልዲ አንስቶ ደፋበት። በቃ፣ ጠፋ። አባቴ ይቅር ይበሉኝ።

ከመግባታችሁ በፊት ሁሉንም ስንጥቅ በስልክ ፎቶ አንሱና የዛኑ ቀን ለአከራዩ ላኩለት፣ በኋላ ተቀማጩን ሲመልስ "አንተ ነህ የሰበርከው" እንዳይላችሁ።

ከጎረቤት ጋር መጀመሪያ በጠብ መተዋወቅ አዲስ ገቢዎች ሁሌ የሚሠሩት ነው፣ አልፈርድባቸውም፣ ዓይናፋር ናቸው፣ 3 ወር ሰላም ሳይሉ ይኖሩና አንድ ሌሊት በ8 ሰዓት በር ይደበድባሉ። የማታውቁት ሰው በሌሊት በራችሁን ቢደበድበው እናንተስ ምን ትላላችሁ? በገባችሁ ሳምንት አንኳኩና ስማችሁን ንገሩ፣ ስልክ ተለዋወጡ። ሙዚቃው ሲያስቸግራችሁ በማግስቱ በቀን ሂዱና "ቀንሱልኝ" ብቻ አትበሉ፣ ስፒከሩን ከወለሉ ላይ እንዲያነሱትና ከጋራ ግድግዳው እንዲያርቁት ጠይቁ፣ ቤዙ ነው ግድግዳ አልፎ የሚመጣው፣ ብዙ ሰው ይሄን በደስታ ያደርገዋል። የናንተም ወንበር ለታችኛው ሰው ነጎድጓድ ነው፣ እግሩ ስር የጨርቅ ቁራጭ ለጥፉበት።

ደረጃ ላይ ዕቃ አታስቀምጡ። ብስክሌት፣ አሮጌ ቁም ሳጥን፣ ሲሊንደር ሳይቀር አይቻለሁ። እሳት ቢነሳ ጭሱም ሰዉም በዛችው ደረጃ ነው የሚሄደው። መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ ካለ ይከፈታል ወይ? ቁልፉስ የት ነው? አንድ ቤት ስንጠይቅ አከራዩ "ከበፊቱ ተከራይ ጋር ሄዷል" አለን። እና እንዴት ነው የምንወጣው ስንለው ሳቀ። እኛም አልተከራየንም።

ሶፋ ከመግዛታችሁ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። የኔ ሶፋ 2ኛ ፎቅ ላይ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን ቆመ፣ ላይ ያሉት መውረድ አልቻሉም፣ ታች ያሉት መውጣት፣ በመጨረሻ እግሮቹን በመጋዝ ቆረጥናቸው። ያን ቀን ሕንፃውን በሙሉ ተዋወቅኩት።

ልጁ ትናንት ማታ ቴክስት ላከልኝ፣ "መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ መስኮቱ ራሱ እየዘለለ ነው" ይላል። ቀብዱን አከራዩ ግማሹን ልመልስ ብሏል። ሐሙስ ማታ በ2 ሰዓት ሌላ ቤት ልናይ ቀጠሮ አለን፣ ገንዘብ ይዘህ እንዳትመጣ ብዬዋለሁ።