የሰንበቴ ተራ ሲደርስ፦ ለሰሜን ሸዋ አረጋውያን ባልና ሚስት

ልጆች ከተማ ገብተው ቤቱ ለሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ሲቀር የሰንበቴ ተራ፣ ማለትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበሩ ዳቦና ጠላ የማቅረብ ተራ፣ ያስጨንቃል። ሥራው የሚከብደው ግን ቅዳሜ ላይ ሲከማች ነው። ቀኑን ከእሑድ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ጉልበት የሚጠይቀው ሁሉ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለበት። በእኛ አገር ቅዳሜም ሰንበት ነው፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ የጸናው እዚሁ ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ በተካሄደው ጉባኤ ነው። ማስፈጨት፣ እንጨት መፍለጥና ልብስ ማጠብ የአርብ ነው። ለቅዳሜ ምጣድና ድስት ብቻ ይቅር።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የሰንበቴውን ሙሴ (የማኅበሩን መሪ) አነጋግሩ፦ ስንት ሰው ይመጣል፣ ከማን ጋር ተጣምራችኋል፣ ደንቡስ ምን ድረስ ይፈቅዳል? አንዳንዱ አቅሙን ለማሳየት ቢራ በሳጥን፣ አረቄ በጠርሙስ ይደረድራል። ይህን አታድርጉ፤ ቀጣዩ ተረኛ ጡረተኛ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ልትሆን ትችላለች። እሑዱ ጾም ውስጥ ይውል እንደሆነም አስቀድማችሁ እዩ። ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ ወይም ከኅዳር 15 ጀምሮ ያለው የነቢያት ጾም ከሆነ ዳቦው በዘይት ይጋገራል፣ ወጡም ሽሮ ወይም ክክ ይሆናል።

ከሁሉም የሚያደክመው ጠላው ነው። ለ50 ሰው 50 ሊትር ይበቃል። ለዚህም 10 ኪሎ ገብስ ለእንኩሮ፣ 2 ኪሎ ብቅል፣ 2 ኪሎ የቂጣ ዱቄት፣ 1 ኪሎ የጌሾ ቅጠል፣ 1 ኪሎ ተኩል የጌሾ እንጨትና 60 ሊትር ያህል ውሃ አዘጋጁ፤ ውሃው የሚበልጠው አተላው ከፊሉን ስለሚመጥ ነው። ደብረ ብርሃንና መንዝ ብርድ ስለሆነ 13 ቀን ያስፈልጋችኋል። ሰኞ ጋኑን በግራዋ ፈትጋችሁ እጠቡና በወይራ እጠኑት። ጢሱ በደንብ ካልገባው የቆየ ኮምጣጣ ሽታው አዲሱን ጠላ ይበክለዋል፤ የመኮምጠጥ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዚያው ቀን የተወቀጠውን ቅጠል በ8 ሊትር ውሃ ጠንስሱ። ረቡዕ የተፈጨውን ብቅልና ለጋ ለጋውን የበሰለ ቂጣ ቆራርሳችሁ ጨምሩ። አርብ እንኩሮውን አብስላችሁ ከጌሾው እንጨት ጋር ደፍድፉ።

እንኩሮው ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የገብሱን ዱቄት ውሃ አርከፍክፋችሁ ምጣድ ላይ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን አውጡት። ካረረ ጠላው ይመራል፣ ከነጣ ደግሞ ድፍርስ ሆኖ ይቀራል። በሰፌድ ዘርግታችሁ እጃችሁን ስታስገቡበት ምንም ሙቀት እስከማይሰማችሁ አቀዝቅዙት፤ ትኩስ እንኩሮ ጥንስሱን ይገድለዋል። በሚቀጥለው ረቡዕ ውሃውን ሞልታችሁ አፉን በጭቃ ምረጉና እሑድ ክፈቱት። ይህ አቆጣጠር ሁለቱንም ሰንበት ጋኑ ብቻውን ሲፈላ ያሳልፋችኋል። ሸዋ ሮቢት ግን ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ውሃ ከተሞላ በ2 ቀን ስለሚደርስ አርብ ሙሉት። የደብረ ብርሃኑን ቀጠሮ እዚያ ከተከተላችሁ እሑድ የምትከፍቱት ኮምጣጤ ነው።

ከተመረገ በኋላ ጋኑን ማንም አይንካው። ቦታ ማስለቀቅ ካስፈለገ ሌላው ዕቃ ይነሳ።

ዳቦው 12 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይፈልጋል፤ በ4 ኪሎ የተከፈሉ 3 ድፎዎች ይወጡታል። ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ተኩል ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ 60 ግራም ጨው፣ እርሾና ጥቁር አዝሙድ ያስፈልጋል። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቡክታችሁ ምድጃ አጠገብ በጋቢ ሸፍኑት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሊጡ ራቅ ካለ ጠዋትም እንደተኛ ታገኙታላችሁ። ቅዳሜ ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፋችሁ ገልብጡ፣ በላዩም ኮባ አድርጋችሁ አክንባሎ ድፉበትና ከላይ ረመጥ፣ ከታች ለስላሳ እሳት ስጡት። አንዱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መበሰሉን ለማወቅ ስንደዶ መሀሉ ድረስ ሰክታችሁ አውጡ፤ ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ነበልባል ያስቸኮለው ዳቦ ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በትኩሱ አትጠቅልሉት፤ ያልበውና ጠዋት ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ሦስቱንም ለብቻችሁ አትጋፈጡ፤ አንዱን ጎረቤት ይጋግርላችሁ፣ በእነሱ ተራ ትመልሳላችሁ።

ንፍሮ 4 ኪሎ ስንዴና 2 ኪሎ ባቄላ ነው። ባቄላው ከአርብ ማታ ይዘፍዘፍና ቅዳሜ ቀድሞ ይጣድ፤ ስንዴው በኋላ ይግባ።

ብዙ አረጋውያን ቆራቢ ስለሆኑ ይህም መታሰብ አለበት። ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ይጾማል፤ ቅዳሴው እሑድ 3 ሰዓት ላይ የሚወጣ ከሆነ ከቅዳሜ 9 ሰዓት በኋላ እህልም ውሃም የለም። ስለዚህ የወጡን ጨው የሚቀምስ፣ ጠላውንም የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ከቆረቡ በኋላም መሯሯጥና ሸክም የለም። ሁለታችሁም የምትቆርቡ ከሆነ ሁለት ወጣቶች አስቀድማችሁ ለምኑ፤ «እርዳኝ» ሳይሆን «ቅዳልኝ፣ ጫንልኝ» ብላችሁ ሥራውን ለይታችሁ ስጧቸው።

ጠላው የሚቀዳው እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ የተቀዳ አድሮ ይበላሻል። ጋኑን ሳያዘነብሉ ከላይ በጣሳ እየጨለፉ በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። ሦስት ጀሪካን ይበቃል፤ ዘይት ወይም ጋዝ የነካው ግን ምንም ቢታጠብ አይሆንም። አራት ጣት ያህል ጎዶሎ ትታችሁ ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ ጠብቆ ከተዘጋ አህያዋ ላይ ያብጣል፣ ሲከፈትም ግማሹ ይፈሳል። ሁለቱን ሙሉ ጀሪካኖች በግራና በቀኝ አመዛዝናችሁ ጫኑ፤ ሦስተኛው ከዳቦው ጋር በሰው ይሂድ።

ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ ትለያያላችሁ፤ ወንድ በሰሜን፣ ሴት በደቡብ ነውና። ቅዳሴው እስኪያልቅ መነጋገር ስለማይቻል የሰንበቴ ቤቱን ቁልፍ ማን እንደያዘ፣ ዕቃውን ማን እንደሚጠብቅ በር ላይ ተነጋገሩ። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ወጣቶቹ ቀድመው ወጥተው አግዳሚውን ይጥረጉ፣ ዋንጫውን ይደርድሩ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውንና ጠላውን ሳይባርኩ ምንም አይቆረስም። የነዳያን ድርሻ ከጅምሩ ይለይ፤ አንድ ሙሉ ዳቦና ከሦስተኛው ጀሪካን ግማሹ ለብቻ ይቀመጥ። «ከተረፈ እንሰጣለን» ከተባለ አይተርፍም። ተመርቆ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ በሙሴው ፊት አስረክቡ። ተረኛው ከሌለ ለቤተሰቡ ሰው እንጂ ለመንገደኛ ጎረቤት አትስጡ፤ «አልደረሰኝም» የሚባለው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ማታ ጋኑ ውስጥ ውሃ ጨምሩበት፤ አተላው ከደረቀ አይለቅም። ሰኞ አተላውን ለከብቶቹ ስጡና ጋኑን በግራዋ አጥባችሁ አፉን ወደ ታች ድፉት።