ሞዴል አውሮፕላን ስትነድፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ሞዴል አውሮፕላን ለምትሠሩ ተማሪዎች፦ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የተሳሳቱባቸው ቦታዎች በፎምና በላሜራ ሥራም አይቀሩላችሁም።

አንዱን አካል ለሁለት ፍተሻ ማዋል። ስለ ኮሜት፣ ስለ መጀመሪያው የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን፣ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስንጥቅ ስለሚጀምርበት የመስኮቶቹ ማዕዘን ነው። ፍተሻው ግን ከዚያ ያላነሰ ጥፋት ነበረበት። አምራቹ አንድ የአውሮፕላን ቀፎ ወስዶ መጀመሪያ በበረራ ከሚገጥመው እጥፍ በሆነ ግፊት ነፋው፤ ቀጥሎ ያንኑ ቀፎ ለዕድሜ ፍተሻ፣ ማለትም ደጋግሞ ለመንፋትና ለማስተንፈስ፣ አዋለው። ከባዱ ግፊት በመስኮቱ ጥግ ያለውን ላሜራ ለጥጦት ስለነበር፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ቦታው ታምቆ ቀረ፤ የታመቀ ብረት ደግሞ ቶሎ አይሰነጠቅም። ቀፎው 16 ሺህ ዙር ያህል ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1954 አየር ላይ የተበተኑት ሁለቱ ኮሜቶች ግን አንዱ 1,290፣ ሌላው 900 በረራ ብቻ ነበራቸው። ስለዚህ ሁለት ክንፍ ሥሩ፦ አንዱን አሸዋ እየጫናችሁ ስበሩት፤ ሌላውን ከመደበኛ ጭነት ሳታሳልፉ ደጋግማችሁ ጫኑት፣ አውርዱት። የቀዳዳ ጥግ አክቡ፤ ጠርዙንም በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱ።

በአንድ ሴንሰር ማመን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው ያለቀበት 737 ማክስ አፍንጫው ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የሚያነበው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ያ ሴንሰር ሲሳሳት ኤምካስ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። ሁለተኛ ሴንሰር መጨመር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ እጁን እንዲያነሳ አድርጋችሁ ጻፉት። የተስተካከለው ማክስም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

የሚዋሽ መቆለፊያ። ዲሲ-10 በተባለው አውሮፕላን የጭነት በሩ እጀታ የመቆለፊያ ፒኖቹ ሳይገቡም በጉልበት ይዘጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ፓሪስ አጠገብ በሩ አየር ላይ ተከፍቶ 346 ሰው አለቀ። የባትሪ ክዳናችሁ ፒኑ ቦታውን ካልያዘ መዘጋት የለበትም።

የድሬን ሙቀት መርሳት። ከባህር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ35 ዲግሪ፣ አየሩ በመደበኛው የባህር ወለል ስሌት ካለው 19 በመቶ ያህል ይሳሳል። ለመነሳት 11 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ፕሮፔለሩም ይደክማል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ጠዋት በቅዝቃዜው የለካችሁትን ርቀት ለቀትር አትጠቀሙበት፤ በቀትር እንደገና ለኩት።