የጅራታም ከዋክብትን አቧራ በኢንፍራሬድ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አይራስ፣ ስፒትዘርና ዋይዝ የተባሉት የሕዋ ቴሌስኮፖች በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን በማይታየው የሙቀት ጨረር፣ የሰበሰቧቸው ምስሎች ለማንም ክፍት ስለሆኑ፣ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ የጅራታም ከዋክብትን አቧራ ማጥናት ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል። ሆኖም ምስሎቹ ከለመድነው ፎቶግራፍ ጋር መመሳሰላቸው ያሳስታል። ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው አቧራው መልሶ የሚያንጸባርቀው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ5 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላይ በሆነ ጨረር የሚታየው ግን በአመዛኙ አቧራው ራሱ ሞቆ የሚያመነጨው ሙቀት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከስያሜው ይመጣል። «ጅራታም ኮከብ» ስንል ጅራቱን ከኋላው እየጎተተ የሚሮጥ ነገር በሐሳባችን ይመጣል። የአቧራውን ጭራ የሚዘረጋው ግን የፀሐይ ብርሃን ግፊት በመሆኑ ጭራው ወደ ፀሐይ ተቃራኒ ያዘነብላል፤ ኮከቡ ከፀሐይ እየራቀ በሚመለስበት ጊዜም ጭራው ወደ ጉዞው አቅጣጫ ሊቀድም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ጭራንና ዱካን ማምታታት ይመስለኛል። ጥግግቱ ከውሃ ጋር በሚቀራረብ፣ ራዲየሱ 1 ማይክሮሜትር በሆነ ቅንጣት ላይ የብርሃኑ ግፊት የፀሐይን ስበት ግማሽ ያህል ሲደርስ፣ በ1 ሚሊሜትር ቅንጣት ላይ ግን የስበቱን አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ደቃቁ አቧራ በፍጥነት ተገፍቶ ሰፊ ጭራ ሲሠራ፣ ጠጠር መሰሉ ቅንጣት የኮከቡን ምህዋር ተከትሎ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ቀጭን ዱካ ይሆናል። እነዚህን ዱካዎች ያጋለጠው እ.ኤ.አ. በ1983 የመጠቀው አይራስ ነበር። በኋላም ስፒትዘር 34 ጅራታም ከዋክብትን በ24 ማይክሮሜትር ሲመለከት በ27ቱ ዱካ ተገኘ፤ 3ቱ ለእይታ ምቹ ሆነው ሳለ ዱካ አልታየባቸውም፤ በቀሩት 4 ግን የእይታው አቅጣጫ ዱካውን ከደቃቁ አቧራ ጭራ ለመለየት አላስቻለም። ለጀማሪ ትልቁን ትምህርት የሚሰጡት እነዚህ አራቱ ናቸው። ቴሌስኮፑ ከምህዋሩ ጠለል አጠገብ ሆኖ ሲመለከት ጭራውም ዱካውም በአንድ መስመር ላይ ስለሚደራረቡ፣ ቀጭን መስመር ያየ ሰው ስም ከማውጣቱ በፊት የእይታውን ማዕዘን ማስላት አለበት።

አቧራው ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዳለው መገመትም ሌላ ስህተት ነው። የደረሰበትን ብርሃን ሁሉ የሚውጥ ሉል ከፀሐይ እስከ ምድር ባለው ርቀት ላይ ወደ 278 ኬልቪን ይሞቃል፤ ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጨረሩ ከሁሉ የሚበረታበት የሞገድ ርዝመትም ከ10 ወደ 21 ማይክሮሜትር አካባቢ ይሸጋገራል። ነገር ግን ከሚያመነጨው ሞገድ ያነሰ ቅንጣት ሙቀቱን በቀላሉ ማውጣት ስለማይችል ከዚህ ስሌት በላይ ይሞቃል። ይህን ያልቆጠረ ሰው የአቧራውን ክብደት ከእውነተኛው አብልጦ ያሰላል። በተመሳሳይ መንገድ በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚታየው የሲሊኬት (የድንጋይ ዓይነት ማዕድን) ምልክት ጠፋ ማለት ሲሊኬት የለም ማለት አይደለም፤ ቅንጣቶቹ ትልልቅ ሲሆኑ ምልክቱ ይደበዝዛል።

በስፒትዘር 4.5 እና በዋይዝ 4.6 ማይክሮሜትር ምስሎች ላይ የሚታየውን ድምቀት በሙሉ ለአቧራ መስጠት አይገባም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ4.26፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም በ4.67 ማይክሮሜትር ስለሚያበሩ ጋዙ በዚያው ማጣሪያ ውስጥ ይገባል። በ3.4 ወይም በ3.6 ማይክሮሜትር የተነሣውን ምስል መነሻ አድርጎ የአቧራውን ድርሻ መገመትና መቀነስ ያስፈልጋል፤ የሚተርፈውም የጋዙን መጠን ለመለካት ስለሚያገለግል በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል።

ከጀርባ ያለው ሰማይም ባዶ አይደለም። በፕላኔቶች መካከል የተበተነው አቧራ በ12 እና በ24 ማይክሮሜትር አካባቢ በብርቱ ስለሚያበራ ደብዛዛ ዱካን በቀላሉ ይውጣል። ፍቱኑ መፍትሔ ኮከቡ ካለፈ በኋላ ያንኑ የሰማይ ክፍል ዳግም አንሥቶ ከመጀመሪያው ምስል መቀነስ ነው።

የኮከቡን ቦታ ከምድር እንደሚታይ አድርጎ ማስላት ደግሞ አጭር ነገር ግን ሥራውን ሁሉ የሚያበላሽ ስህተት ነው። ስፒትዘር ከምድር ኋላ ሆኖ ፀሐይን ይዞር ስለነበር፣ ሥራውን ባቆመበት እ.ኤ.አ. በ2020 ከምድር 250 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል ርቆ ነበር፤ ስሌቱ መሠራት ያለበት ከቴሌስኮፑ ቦታ ነው።

በመጨረሻም ድምቀትን የክብደት መለኪያ ማድረግ አለ። በሚታይ ብርሃን ጎልቶ የሚወጣው ደቃቁ አቧራ ሲሆን አብዛኛው ክብደት ግን ብዙ ጊዜ በትልልቆቹ ቅንጣቶች ውስጥ ይገኛል። ኤንኬ የተባለው ጅራታም ኮከብ በሚታይ ብርሃን ጋዝ የበዛበት፣ አቧራው ያነሰ ይመስል ነበር፤ ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ2004 በኢንፍራሬድ ሲመለከተው ግን ምህዋሩን ተከትሎ የተዘረጋ ደማቅ ዱካ ታየ፤ በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር በሰማያችን የሚወረወሩት ታውሪድ የተባሉት ተወርዋሪ ከዋክብትም ከዚሁ ኮከብ ጋር የተዛመዱ ናቸው።