በጸጋ ታምኖ የካቶሊክን እምነት ለጎረቤት ማካፈል

የካቶሊክ እምነቱን ለጎረቤቱ ማካፈል የሚሻ ሰው፣ ደሴም ይኑር ኮምቦልቻ፣ አስቀድሞ አንድ ነገር ከልቡ ሊቀበል ይገባዋል፤ እምነትን የሚሰጠው እግዚአብሔር እንጂ እርሱ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 44 ላይ ጌታችን አብ ካልሳበው በቀር ወደ እርሱ ሊመጣ የሚችል እንደሌለ ተናግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ529 በዛሬዋ ፈረንሳይ የተሰበሰበው የኦራንዥ የጳጳሳት ጉባኤም የማመን ፍላጎቱ እንኳ የጸጋ ስጦታ መሆኑን አረጋግጧል። ይህ ትምህርት ለነገረ መለኮት ተማሪዎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ቡና ላይ ተቀምጠን ምን እንደምንናገርና መቼ ዝም እንደምንል የሚወስነው እርሱ ነው።

ስለዚህ ሊነግሩት ስላሰቡት ሰው አስቀድመው ለእግዚአብሔር ይናገሩ። ስሙን በየዕለቱ በጸሎት ያንሡ፤ መቁጠሪያ የሚደግሙ ከሆነ አንዱን ምሥጢር ስለ እርሱ ያድርሱ፤ ንስሐ ይግቡ፤ ቅዱስ ቁርባን ይቀበሉ። የሊዝየዋ ቅድስት ቴሬዛ ገዳም ከገባች በኋላ ሳትወጣ በ24 ዓመቷ ያረፈች መነኩሲት ሆና ሳለ እ.ኤ.አ. በ1927 የሚሲዮኖች ጠባቂ ቅድስት ተብላ የተሰየመችው፣ ቤተ ክርስቲያን ይህን የጸሎት ክፍል እንደ ዋና ሥራ ስለምትቆጥረው ነው።

በጸጋ መታመን ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። የደቡብ ወሎ ደጋ ገበሬ የበልግን ዝናብ ማምጣት አይችልም፤ ማሳውን ካላረሰ ግን ዝናቡ ቢመጣም ብዙ አይጠቅመውም። የእኛ እርሻ የገዛ እምነታችንን ማወቅ ነው። ኦርቶዶክሱ ጎረቤት ልዩነታችን ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ የግዕዙን ቅዳሴ፣ ጾሙንና የእመቤታችንን ፍቅር እንደምንጋራ፣ የምንለያየው በዋናነት በሮማው ጳጳስ ሥልጣንና ክርስቶስ በሁለት ባሕርያት እንደሚታወቅ ባወጀው፣ እ.ኤ.አ. በ451 በተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ መሆኑን በአጭሩ መናገር መቻል ያስፈልጋል። ሙስሊሙ ጎረቤት እግዚአብሔር እንዴት ልጅ ይኖረዋል ሲል ደግሞ፣ ስለ ሥጋዊ መውለድ እንደማንናገር ሳይቆጡ ማስረዳት ይገባል።

ማወቅም የራሱ ፈተና አለው። ከዓመታት በፊት በአንድ የቅሬ (የዕድር) ድንኳን ውስጥ ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርያት ከአንድ አረጋዊ ጋር ተከራክሬ ረታኋቸው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን እንኳ ረስቼ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን በአንገት ንቅናቄ ብቻ ይመልሱልኝ ጀመር፤ ያን ሁሉ የተናገርሁት ለማን ክብር እንደ ነበር ራሴን የጠየቅሁት ያኔ ነው።

ይልቅስ ሲጠየቁ ይናገሩ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ቡና የሚያፈሉት እናት «አንተ ልጅ፣ እሑድ እሑድ በማለዳ ወዴት ነው የምትሄደው?» ካሉ፣ «ቅዳሴ ነው እናቴ፤ የቀረሁ ሳምንት ልቤ አያርፍም» ብሎ ስኒውን ማንሣት ይበቃል። እርሳቸው ከጨመሩ ይጨምሩ፤ ወሬውን ወደ ገበያ ከመለሱት አብረው ወደ ገበያ ይመለሱ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ የቀረውን የሚሠራ ሌላ መኖሩን ማመን ነው።

ትዕግሥቱ የዓመታት ሊሆን ይችላል። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለኢትዮጵያ ጳጳስ ለመጠየቅ ወደ ግብፅ ከተጓዘው የመልእክተኞች ቡድን ጋር አብረው ሲሄዱ፣ ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኒህ ሊቅ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ እምነታቸው ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲነዱ መንገድ ላይ ዐረፉ። ያን ጽናት በክርክር ብልጫ ያገኙት አይመስለኝም።

በእህልም ሆነ በትምህርት ቤት ክፍያ ሰውን ሲረዱ እምነቱን ዋጋ አድርገው አይጠይቁ፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ በእምነት ጉዳይ ማስገደድን ከልክሏል። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች ስለሚገኙ፣ በችግር ላይ የተመሠረተ ጥድፊያ ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

አንድ ሰው በእውነት መቅረብ ከፈለገ ራስዎ ሁሉን ለማስተማር አይሞክሩ፤ ወደ ካህኑ ይውሰዱት። ለዚህ አካባቢም የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 ተቋቁሟል። ከኦርቶዶክስ የመጣ ሰው ጥምቀቱ የታወቀ ስለሆነ ዳግመኛ አይጠመቅም፤ የእምነት መግለጫ ብቻ ይሰጣል። ያልተጠመቀው ግን ንኡሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለጥምቀት የሚዘጋጅ ተማሪ ሆኖ ለመማር ጊዜ ይፈልጋል፤ በእነዚያ ወራት ከእርስዎ የሚጠበቀው እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ጠርተውት አብረው ወደ ቅዳሴ መሄድ፣ ክርስትና አባት ያጣ እንደሆነም መቆም ነው።