አጭር የጂም ሰዓትና ኪሎ መቀነስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በግማሽ ሰዓት ጂም ኪሎ መቀነስ ይቻላል? ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚያ ላይ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ ይጨመር ይላል። በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ጠንክሮ የሚሰራ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። ቀድሞ አንድ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ ያም በዚሁ መመሪያ ቀርቷል።

ስለዚህ ሰዓቱ አነሰ ብለው አይዘኑ። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሁለት ሰዓት ጂም የሚቆይ ሰው 10 ደቂቃ ቢያባክን ብዙም አይጎዳም። ከእርስዎ 30 ደቂቃ ላይ 10 ከባከነ ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው።

ሰዓቱን በሙሉ ትሬድሚል ላይ መጨረስ

ኪሎ ለመቀነስ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ትሬድሚል (መሮጫ ማሽን) ነው። ብረቱን "ጡንቻ ማውጣት ለሚፈልጉት" ይተወዋል። በእኔ እይታ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ምግብ ቀንሰን ስንከሳ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻው እንዲቀር ከፈለግን ስራ ልንሰጠው ይገባል። ብረት የማይነካ ሰው ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ቢቀንስም መስታወት ፊት ሲቆም ያሰበውን ሰውነት ላያገኝ ይችላል። ጉልበቱም አብሮ ይደክማል።

ብዙ ሴቶች ብረት ካነሳሁ ሰውነቴ እንደ ወንድ ይፈረጥማል ብለው ይፈራሉ። እባክዎ ይሄን ፍርሃት ይተዉት። እንደዚያ ያለ ጡንቻ የሚመጣው በዓመታት ከባድ ስራና በብዙ ምግብ ነው። ምግብ እየቀነሰ በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት የሚሰራ ሰው ሳያስበው እዚያ አይደርስም።

ሰዓት ሲያጥር ብዙ ጡንቻ ባንዴ የሚያሰሩ እንቅስቃሴዎችን ይምረጡ፦ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ከወገብ ጎንበስ ብሎ ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ፑሽ አፕ (በእጅ መሬትን እየገፉ መነሳት)፣ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ ብረት) ወደ ላይ መግፋት፣ ጎንበስ ብሎ ዳምቤል ወደ ሆድ ጎን መጎተት። ክንድ ብቻ፣ ባት ብቻ የሚያሰሩት ትርፍ ሰዓት ሲገኝ ይደርሳሉ።

እረፍቱ ከስራው ሲበልጥ

እስቲ እናስላው። 12 ዙር (አንድ ዙር ማለት አንድን እንቅስቃሴ ሳያርፉ ደጋግሞ መስራት ነው) ሰርተው በየመሃሉ 3 ደቂቃ ቢያርፉ እረፍቱ ብቻ 33 ደቂቃ ይወስዳል። 1 ደቂቃ ቢያርፉ ግን 11 ደቂቃ ነው። አብዛኛው ሰው 3 ደቂቃ ማረፉን እንኳን አያውቀውም። አንድ ዙር ጨርሶ ስልኩን ያነሳል፣ አንድ መልእክት ይመልሳል፣ አንድ ቪዲዮ ያያል። በቃ፣ ሰዓቱ ነጎደ።

መፍትሄው እየተንገበገቡ መስራት አይደለም። ሁለት የማይነካኩ እንቅስቃሴዎችን ያፈራርቁ። እግር ሲሰራ ጀርባ ያርፋል፣ ጀርባ ሲሰራ እግር ያርፋል። ለምሳሌ 30 ደቂቃውን እንዲህ መጠቀም ይቻላል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ማሟሟቂያ። ከዚያ ስኳትና ዳምቤል መጎተትን እያፈራረቁ 3 ዙር። ቀጥሎ ዴድሊፍትና ፑሽ አፕን እንዲሁ 3 ዙር። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይስሩ፤ በየመሃሉ ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይረፉ። ሲጨርሱ የሚተርፈውን 5 ወይም 6 ደቂቃ ሳይክል ላይ ፈጠን ብለው ይዝጉት። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ማሟሟቂያው እንዳይዘለል አደራ። "ሰዓት የለኝም" ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የተጎዳ ሰው ግን የሚያጣው 5 ደቂቃ ሳይሆን ሳምንታት ነው። የልብ ችግር፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ህመም ያለበት ሰው ደግሞ ጠንካራ ስራ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

"4 ደቂቃ ታባታ ይበቃኛል"

20 ሰከንድ መስራት፣ 10 ሰከንድ ማረፍ፣ ስምንት ጊዜ መደጋገም። ይሄን ዘዴ ያሳወቀው ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ የተካሄደው ግን ስፖርት በለመዱ ወጣቶች ላይ ነው። የሰሩትም ሳይክል ላይ፣ ሌላ ዙር መጨመር እስኪያቅታቸው ድረስ ነበር። ጥናቱ የለካው የሰውነትን የስራ አቅም እንጂ የኪሎ መቀነስን አልነበረም። ቪዲዮ እያዩ 4 ደቂቃ ቀለል አድርጎ መዝለልና ያኛው አንድ አይደሉም።

"ከጂም ከወጣህም በኋላ ሰውነትህ ያቃጥላል" የሚባለው እውነት ነው። ግን ትንሽ ነው። ኪሎ የሚያወርድ ነገር አይደለም።

ሌላው ጫፍም አለ። ሰዓቴ አጭር ስለሆነ በየቀኑ እስክወድቅ ልስራ የሚል። ትንፋሽ የሚያሳጣ ስራ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ እንቅልፍ ይበላሻል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሰውየውም በወሩ ጂሙን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

የትሬድሚሉን እጀታ ጨብጦ መሄድ

ይሄን ጂም ውስጥ ሲገቡ ይመልከቱት። ሰውየው ዳገቱን ከፍ አድርጎታል። ፍጥነቱም ደህና ነው። ነገር ግን በሁለት እጁ የፊተኛውን እጀታ ጨብጦ፣ ክንዱን ወጥሮ፣ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ሰውነቱ ወደ ኋላ ስላዘነበለ ዳገቱ ዳገት መሆኑ ቀርቷል። የክብደቱን ከፊል የያዘው ክንዱ ነው። ማሽኑ ይሄን አያውቅም፤ በዳገቱና በፍጥነቱ አስልቶ ትልቅ የካሎሪ ቁጥር ይጽፍለታል። ሰውየውም ያንን ቁጥር አምኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እጅዎን ለቀው መሄድ ካልቻሉ ዳገቱ በዝቷል ማለት ነው። ዝቅ ያድርጉትና እጅዎን እያወናጨፉ ይሂዱ። ሚዛናቸውን መጠበቅ የሚቸገሩ ሰዎች እርግጥ ይያዙ። ጥንካሬውን ለመለካት ከማሽኑ ይልቅ ትንፋሽዎ ይሻላል፦ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ግን መዝፈን ካልቻሉ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃላት ተናግረው ማረፍ ካስፈለገዎት ጠንካራ ነው።

ቦርጭን በሲት አፕ ማሳደድ

ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ከወገብ በላይ ቀና ማለት) የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ከላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያቀልጥም። ሰውነት ስብን ከየት እንደሚያነሳ የሚወስነው ራሱ ነው። 15 ደቂቃውን ለሆድ የሰጠ ሰው የሰዓቱን ግማሽ ለትንሽ ጡንቻ ሰጠ ማለት ነው።

ላብን እንደ ስብ መቁጠር

ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ውሃ ያስወጣል። አንድ ሊትር ላብ ከወጣ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ይቀንሳል፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ከዚያ አልፎ ሙቀቱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም ያጋጥማል። አዲስ ብረት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻው ውሃ ስለሚይዝ ሚዛኑ ላይ ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ወገብዎን በሜትር ይለኩ። ሚዛን ላይ ሲወጡም ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይሁን።

"ዛሬ ሰርቻለሁ፣ ይገባኛል"

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ሶምሶማ ቢሮጥ ወደ 300 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በሳምንት 3 ቀን ከሆነ 900 ነው። በጂም ብቻ አንድ ኪሎ ለመቀነስ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ያንን 300 ደግሞ አንድ ኬክና አንድ ጣፋጭ መጠጥ በ5 ደቂቃ ይመልሱታል።

ይሄን የምለው ጂሙን ለማጣጣል አይደለም። ኪሎውን በዋናነት የሚያወርደው ምግብ ነው። ጂሙ ጡንቻውን ያቆያል፣ የወረደውም ተመልሶ እንዳይመጣ ያግዛል። ምግቡን ያልያዘ ሰው ይለፋል እንጂ ብዙም አይቀንስም። ከምግቡ ውስጥ ፕሮቲን አይቀንስ፦ ጤነኛ ሆኖ እየሰራ ኪሎ ለሚቀንስ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ጥሩ ነው።

ያው ብረት፣ ያው ቁጥር

ባለፈው ወር 8 ኪሎ ዳምቤል 10 ጊዜ አነሱ። ዛሬም 8 ኪሎ፣ ዛሬም 10። ሰውነት ለምዶታል፤ ከዚህ በላይ የሚቀይረው ምክንያት የለም። ትንሽ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ክብደቱንና ስንት ጊዜ እንዳነሱ ይጻፉ። 12 ጊዜ ሳይንገዳገዱ ካነሱ በሚቀጥለው ቀን አንድ ደረጃ ከበድ ያለውን ያንሱ።

በመጨረሻ ስለ ቀሪው ቀን። ጂም ስለሄዱ ብቻ ሌላውን ሰዓት ሁሉ ቁጭ ብለው ካሳለፉ ያወጡት ጉልበት በሌላ በኩል ይካካሳል። ስልክ ሲያወሩ ቆመው ይራመዱ፣ ሊፍቱን ትተው በደረጃ ይውጡ። ጂም መሄድ ያልቻሉበት ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ ስኳትና ፑሽ አፕ ለ10 ደቂቃ ይስሩ፤ እሱም ይቆጠራል።