የአፀግብሮት (የኬሚካዊ ለውጥ) ውጤትን መተንበይና የተጣራ የአዮን እኩልታ መጻፍ

ሁለት ጥርት ያሉ ሙሙቶች (በውሃ የሟሟ ነገር ያለባቸው ፈሳሾች) ሲደባለቁ አንዳንዴ ቢጫ ዝቃጭ ይወርዳል፣ አንዳንዴ አረፋ ይንተከተካል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይታይም። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ በውሃው ውስጥ በእርግጥ ያለው ምንድን ነው? ብልቃጡ ላይ «ሶዲየም ክሎራይድ» ተብሎ ቢጻፍም፣ በሙሙቱ ውስጥ ያሉት በውሃ ሞለኪውሎች ተከበው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሶዲየም⁺ እና ክሎራይድ⁻ የተባሉ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ናቸው። ስቫንቴ አሬኒየስ የዚህን ሐሳብ መሠረት በ1884 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ ሲያቀርብ መምህራኑ በጥርጣሬ ነበር የተቀበሉት፤ በ1903 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተጣራ የአዮን እኩልታ ማለት ያንን ሐሳብ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ይዞ ያልተለወጠውን መተው።

በዚህ ጽሑፍ ንጥረ ነገሮቹን በስማቸው ጽፈናቸዋል፤ ደብተር ላይ በምልክታቸው ተኳቸው። ሁኔታው ያልተገለጸ ነገር ሁሉ በውሃ ውስጥ የሟሟ ነው።

መጀመሪያ አዮኖቹን መዘርዘር

ሌድ (እርሳስ) ናይትሬት እና ፖታሲየም አዮዳይድ ተደባለቁ እንበል። ምንም ከመቀያየራችሁ በፊት አራቱን አዮኖች ከነሙላቸው (ቻርጃቸው) ጻፉ፦ ሌድ²⁺፣ ናይትሬት⁻፣ ፖታሲየም⁺፣ አዮዳይድ⁻። ከዚያ አጋሮቹን አቀያይሩ። አዲሶቹ ጥንዶች ሌድ ከአዮዳይድ፣ ፖታሲየም ከናይትሬት ይሆናሉ። የአዲሱ ውሁድ ቀመር የሚሠራው ሙሎቹ ተደምረው ዜሮ እንዲሆኑ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሌድ²⁺ ሁለት አዮዳይድ⁻ ይፈልጋል።

እዚህ ደረጃ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ቁጥሩን ከድሮው ቀመር ይዞ መምጣት ነው። በሌድ ናይትሬት ውስጥ ናይትሬት ሁለት ስለነበረ በፖታሲየም ናይትሬትም ውስጥ ሁለት አድርገው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ያ 2 የመጣው ከሌድ ሙል ነው፤ ሌድ ሲለይ ቁጥሩም ይቀራል። ሁለተኛው ስህተት ናይትሬትን፣ ሰልፌትን ወይም ፎስፌትን ወደ አተሞቻቸው መበታተን ነው። አጋር በመቀያየር አፀግብሮት ውስጥ እነዚህ አዮኖች እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳሉ።

አዲሶቹን ጥንዶች ስለጻፋችሁ ብቻ አፀግብሮት ተካሂዷል ማለት አይደለም። አዮኖቹን ከሙሙቱ የሚያወጣቸው ነገር መኖር አለበት፦ የማይሟሟ ጠጣር፣ ውሃ ወይም ሌላ በደንብ የማይበተን ሞለኪውል፣ አለዚያም ጋዝ። ሦስቱም ከሌሉ መልሱ «አፀግብሮት የለም» ነው። ሶዲየም ክሎራይድን ከፖታሲየም ናይትሬት ጋር ስታደባልቁ ከመደባለቃቸው በፊትም በኋላም ያሉት እነዚያው አራት አዮኖች ናቸው።

የሚሟሟውን ከማይሟሟው መለየት

የመሟሟት ደንቦችን እንደ ረጅም ዝርዝር ከመሸምደድ በቅደም ተከተል መጠየቅ ይቀላል። በመጀመሪያ፣ ውሁዱ ውስጥ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ አሞኒየም ወይም ናይትሬት አለ? ካለ ይሟሟል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ አያስፈልግም። አሲቴቶችም በአብዛኛው እዚሁ ይመደባሉ። ከሌለ፣ ክሎራይድ፣ ብሮማይድ ወይም አዮዳይድ ነው? እነዚህ ይሟሟሉ፤ አጋራቸው ሲልቨር (ብር)፣ ሌድ ወይም የሜርኩሪ 1 አዮን ከሆነ ግን ይዘቅጣሉ። ሰልፌት ከሆነም ይሟሟል፤ ከባሪየም፣ ከስትሮንቲየምና ከሌድ ጋር ሲሆን ይዘቅጣል። ሃይድሮክሳይድ፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት ወይም ሰልፋይድ ከሆነ ፍርዱ ይገለበጣል፤ መጀመሪያውኑ «አይሟሟም» ብላችሁ ያዙት። ከዚህ የሚያመልጠው ዋናው ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ነው።

በሚሟሟና በማይሟሟ መካከል የሚቆሙ አሉ፤ ፈተናም ቤተ ሙከራም ላይ የሚያደናግሩት እነሱ ናቸው። ካልሲየም ሰልፌት በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 2 ግራም፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 1.7 ግራም ይሟሟሉ። ሌድ ክሎራይድ «አይሟሟም» ቢባልም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 10 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ሲልቨር ክሎራይድ ግን 2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ። በሊትር 0.02 ሞል (ሞል የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ነው) የሆኑ የሌድ ናይትሬትና የሶዲየም ክሎራይድ ሙሙቶችን እኩል በእኩል ብታደባልቁ ዝቃጭ አይታያችሁም። በዚያው መጠን የሲልቨር ናይትሬት ሙሙት ብትጠቀሙ ወዲያው ነጭ ይሆናል። ስለዚህ የጠበቃችሁት ዝቃጭ ሲጠፋ፣ ሙሙቱ ቀጥኖ ወይም ሞቆ እንደሆነ ሳታዩ ደንቡ ተሳስቷል አትበሉ።

የሌድ አዮዳይዱ እንግዲህ ይዘቅጣል። ሁሉንም የሟሙ ነገሮች በአዮን ስትጽፉ ሙሉ የአዮን እኩልታው ይህን ይመስላል፦

ሌድ²⁺ + 2 ናይትሬት⁻ + 2 ፖታሲየም⁺ + 2 አዮዳይድ⁻ → ሌድ አዮዳይድ (ጠጣር) + 2 ፖታሲየም⁺ + 2 ናይትሬት⁻

በሁለቱም ወገን ሳይለወጡ የቆሙት ፖታሲየም እና ናይትሬት ተመልካች አዮኖች ናቸው። እነሱ ሲሰረዙ የሚቀረው የተጣራው ነው፦

ሌድ²⁺ + 2 አዮዳይድ⁻ → ሌድ አዮዳይድ (ጠጣር)

የሌድና የሲልቨር ዝቃጮችን ወደ መታጠቢያ ገንዳ አትድፉ፤ ለብቻቸው በተሰየመ ዕቃ ይሰብሰቡ።

የሚበተነውና የማይበተነው

ነጥብ በብዛት የሚቀነሰው እዚህ ላይ ነው። የሟሟ ነገር ሁሉ ወደ አዮን አይበተንም። እንደተበተኑ አድርጋችሁ የምትጽፉት የሚሟሙ ጨዎችን፣ ጠንካራ ቤዞችን (ለምሳሌ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን) እና ጠንካራ አሲዶችን ብቻ ነው። ጠንካራ አሲዶቹ ጥቂት ስለሆኑ መያዝ አያስቸግርም፦ ሃይድሮክሎሪክ፣ ሃይድሮብሮሚክ፣ ሃይድሮአዮዲክ፣ ናይትሪክ፣ ፐርክሎሪክ እና ሰልፈሪክ። ሰልፈሪክ አሲድ በሙሉ የሚለቀው የመጀመሪያውን ሃይድሮጅን ነው፤ ሁለተኛውን በከፊል ብቻ ይለቃል፤ በመግቢያ ደረጃ ግን ሁለቱንም እንደለቀቀ መጻፍ የተለመደ ነው። ሌላውን አሲድ ደካማ ብላችሁ ያዙት፦ አሲቲክ፣ ሃይድሮፍሎሪክ፣ ፎስፎሪክ፣ ናይትረስ። አሞኒያም ደካማ ቤዝ ስለሆነ በሙሉ ሞለኪውሉ ይጻፋል።

ልዩነቱ በሁለት ገለልተኛ የማድረግ አፀግብሮቶች ጎልቶ ይታያል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር፦

ሃይድሮጅን⁺ + ሃይድሮክሳይድ⁻ → ውሃ (ፈሳሽ)

አሲቲክ አሲድ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር፦

አሲቲክ አሲድ + ሃይድሮክሳይድ⁻ → አሲቴት⁻ + ውሃ (ፈሳሽ)

በሁለተኛው አሲዱን በትኖ የመጀመሪያውን እኩልታ መጻፍ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው አሲቲክ አሲድ በውሃ ውስጥ ያለው ሳይበተን ነው። በመጀመሪያው ግን አሲዱ ናይትሪክ፣ ቤዙ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቢሆንም የተጣራው እኩልታ ያው ነው። ቀጠን ያሉ ጠንካራ አሲዶችና ጠንካራ ቤዞች ሲገናኙ በተሠራው አንድ ሞል ውሃ ሁልጊዜ ወደ 56 ኪሎጁል የሚጠጋ ሙቀት የሚለቁት በዚህ ምክንያት ነው። በስም ብዙ አፀግብሮቶች ቢመስሉም በሥራ አንድ ናቸው።

ተመልካች አዮን የሌለበት ጉዳይም አለ። ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ዝቃጭም ውሃም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፦

ባሪየም²⁺ + 2 ሃይድሮክሳይድ⁻ + 2 ሃይድሮጅን⁺ + ሰልፌት²⁻ → ባሪየም ሰልፌት (ጠጣር) + 2 ውሃ (ፈሳሽ)

የሚሰረዝ ነገር ስታጡ አትደንግጡ። ሁለቱ ልክ በልክ ሲገናኙ ሙሙቱ ውስጥ የሚቀረው አዮን በጣም ጥቂት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ አምፖል ያለው ቀላል ዑደት ካላችሁ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ታያላችሁ።

ጋዝ የሚሰጡት

አጋር ስትቀያይሩ ከወጡት ጥንዶች አንዱ ካርቦኒክ አሲድ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ አድርጋችሁ ጻፉት። ሰልፈረስ አሲድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ውሃ፣ አሞኒየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ አሞኒያና ውሃ ይሆናሉ። ሰልፋይድ ከጠንካራ አሲድ ጋር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሰጣል፤ መርዛማ ጋዝ ነውና ጋዝ ማስወጫ በሌለበት አትሞክሩት።

ካርቦኔትና አሲድ ሲገናኙ እኩልታው ካርቦኔቱ በቀረበበት መልክ ይወሰናል። በውሃ የሟሟ ሶዲየም ካርቦኔት ከሆነ፦

ካርቦኔት²⁻ + 2 ሃይድሮጅን⁺ → ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጋዝ) + ውሃ (ፈሳሽ)

የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠር ከሆነ ግን ጠጣሩ ሳይበተን ይጻፋል፤ ካልሲየምም ተመልካች አይደለም፤ ከጠጣር ወጥቶ ወደ ሙሙት ገብቷልና፦

ካልሲየም ካርቦኔት (ጠጣር) + 2 ሃይድሮጅን⁺ → ካልሲየም²⁺ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጋዝ) + ውሃ (ፈሳሽ)

ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ቦታ አለ። የባሪየም አዮን መርዝ ነው፤ ሆኖም ባሪየም ሰልፌት ለአንጀት የኤክስሬይ ምርመራ በአፍ ይሰጣል። የሰልፌት አዮን ከጨጓራ አሲድ ሃይድሮጅን የመቀበል ዝንባሌው ደካማ ስለሆነ ጠጣሩ ሳይሟሟ ያልፋል። ባሪየም ካርቦኔትም በውሃ አይሟሟም፤ ጨጓራ ውስጥ ግን ልክ ከላይ እንዳለው እኩልታ ከአሲዱ ጋር ፀግብሮ ባሪየም²⁺ ይለቃል። ሁለቱም «አይሟሟም» ከሚለው ሳጥን የወጡ ናቸው፤ አንዱ ይገድላል።

ኤሌክትሮን ሲተላለፍ

ንጹህ ብረት አስተኔ (ሜታል) ወደ ሌላ ብረት አስተኔ ጨው ሲገባ አጋር መቀያየር የለም፤ ኤሌክትሮን ነው የሚሻገረው። በንቃት ተዋረድ (ኤሌክትሮን በቀላሉ ከሚለቀው ወደማይለቀው በሚወርደው ዝርዝር) ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስወጣል፦ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም፣ ዚንክ፣ አይረን (ብረት)፣ ሌድ፣ ሃይድሮጅን፣ ኮፐር (መዳብ)፣ ሲልቨር። ዚንክ በኮፐር ሰልፌት ውስጥ ሲነከር ሰማያዊው ቀለም እየደበዘዘ ቀይማ ኮፐር ይለጠፍበታል፦

ዚንክ (ጠጣር) + ኮፐር²⁺ → ዚንክ²⁺ + ኮፐር (ጠጣር)

ኮፐር በሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ብዙዎች እንዲህ ይጽፋሉ፦ ኮፐር + ሲልቨር⁺ → ኮፐር²⁺ + ሲልቨር። አተሞቹ ተመጣጥነዋል፤ የሙል (ቻርጅ) ድምሩ ግን በግራ 1+፣ በቀኝ 2+ ነው። ኮፐር የለቀቀውን ሁለት ኤሌክትሮን የሚቀበሉ ሁለት ሲልቨር ያስፈልጋሉ፦

ኮፐር (ጠጣር) + 2 ሲልቨር⁺ → ኮፐር²⁺ + 2 ሲልቨር (ጠጣር)

ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ አተም በአተም፣ ከዚያ የሙል ድምር በሙል ድምር። ሦስተኛ ከተጨመረ፣ ቁጥሮቹ በጋራ የሚካፈሉ ከሆነ ማቃለል ነው፤ 2 ሃይድሮጅን⁺ + 2 ሃይድሮክሳይድ⁻ → 2 ውሃ ብሎ መተው ያልተጨረሰ መልስ ነው።

አይረን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር አይረን²⁺ እንጂ አይረን³⁺ አይሰጥም። ኮፐር ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲፀገብር የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሳይሆን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው፤ ኤሌክትሮኑን የሚወስደው ናይትሬቱ ነውና። ሶዲየምን በኮፐር ሰልፌት ሙሙት ውስጥ የሚጥል ጥያቄ ከመጣም ሶዲየሙ ኮፐርን ከማስወጣቱ በፊት ከውሃው ጋር በኃይል ይፀገብራል።

የአጋር መቀያየር ትንበያ የሚከሽፍባቸው

ኮፐር²⁺ እና አዮዳይድ⁻ ሲገናኙ ኮፐር (2) አዮዳይድ መጠበቅ ልማድ ነው (በቅንፍ ያለው ቁጥር የኮፐሩ ሙል ነው)። አይሠራም፤ ኮፐር ከአዮዳይድ ኤሌክትሮን ይወስዳል፦

2 ኮፐር²⁺ + 4 አዮዳይድ⁻ → 2 ኮፐር (1) አዮዳይድ (ጠጣር) + አዮዲን

አሉሚኒየም³⁺ እና ካርቦኔት²⁻ ሲገናኙም አሉሚኒየም ካርቦኔት አይዘቅጥም። ካርቦኔቱ ቤዝ ሆኖ ከውሃው ሃይድሮጅን ስለሚወስድ የሚወርደው ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ጋዝም ይወጣል፦

2 አሉሚኒየም³⁺ + 3 ካርቦኔት²⁻ + 3 ውሃ (ፈሳሽ) → 2 አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ (ጠጣር) + 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጋዝ)

መጠንም መልሱን ይቀይራል። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ዚንክ ሃይድሮክሳይድ በጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይዘቅጣሉ፣ ሲበዛባቸው መልሰው ይሟሟሉ። በኖራ ውሃ (በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት) ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፋ መጀመሪያ ይነጣል፤ መንፋቱ ሲቀጥል ግን ነጩ ካልሲየም ካርቦኔት ወደሚሟሟ ሃይድሮጅን ካርቦኔት ተለውጦ ሙሙቱ ይጠራል። ወደ ካርቦኔት ሙሙት አሲድ ጠብታ በጠብታ ሲጨመርም መጀመሪያ አረፋ የማይታየው የመጀመሪያው ሃይድሮጅን⁺ ካርቦኔት²⁻ን ወደ ሃይድሮጅን ካርቦኔት⁻ ስለሚለውጠው ነው፤ ጋዙ የሚመጣው ሁለተኛው ሲጨመር ነው። ጥያቄው «በተትረፈረፈ» ወይም «ጥቂት ጠብታ» የሚል ቃል ካለበት ያንን ቃል አስምሩበትና እኩልታውን ከዚያ ጀምሩ።