የሠርግ ዋዜማ አበባ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ የሠርግ ዲኮር እሠራለሁ፤ ሲጠሩኝ ባሕር ዳርም እሄዳለሁ። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ እረፍት የለኝም። አሁን አሁን ሚዜዎች በዋዜማው አዳራሽ ገብተው አገባባቸውን ይለማመዳሉ። አበባ የሚበላሸውም ያን ዕለት ማታ ነው።

የነገውን እቅፍ ለዛሬ ልምምድ መስጠት። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሙሽራዋ «እስቲ ልያዘው» ትላለች፣ ሚዜዎቹ ይቀባበሉታል፣ ፎቶ ይነሡበታል፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተጋድሞ ይረሳል። የተቆረጠ ጽጌረዳ ከውሃ ወጥቶ ሲቆይ በተቆረጠበት በኩል አየር ይገባና የውሃውን መንገድ ይዘጋል። ባልዲ ውስጥ ብትመልሱትም እንደ ልቡ አይጠጣም። ሌሊቱን ደህና መስሎ ያድርና ጠዋት፣ ልክ ወደ ተክሊሉ ሊኬድ ሲል፣ አንገቱን ይደፋል።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን አንዷ ሙሽራ ለመነችኝና እምቢ ማለት ከበደኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ቤታቸው ስደርስ ከ24ቱ ጽጌረዳ 9ኙ ጎንብሰዋል። ዘንጋቸውን ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁለት ጣት ያህል በሰያፍ ቆረጥኩና ለብ ያለ ውሃ በሞላው ሳፋ ከነራሳቸው አጋደምኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስድስቱ ቀና አሉ፤ ሦስቱን በሌላ ተካሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ያዩት የሙሽራዋ እናት «አይዞሽ ልጄ፣ ቡና ቅመሽ» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ለልምምዱ ሌላ እቅፍ ሥሩ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ትንሽ የጽድ ቅርንጫፍ በጥብጣብ ጠምጥሙ፤ ክብደቱና የእጀታው ርዝመት ግን ከነገው ጋር ይመሳሰል። ሙሽራዋ የምትለማመደው አያያዙን ነው። ብዙዎቹ ሲፈሩ ደረታቸው ድረስ ያነሡትና የቬሎውን ጥልፍ ይሸፍኑታል። ወደ ወገቧ ዝቅ አድርጋ እንድትይዝ ያን ዕለት አሳዩዋት።

አበባውን በቀትር ዓባይ በረሃ ማሳለፍ። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ፣ ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሣ መኪና ፈልጉ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ያለው ሙቀት ካርቶን ውስጥ ለታፈነ አበባ ምድጃ ነው። ሲደርስ ሰላምታውም ምሳውም ይቆይና ካርቶኑን ክፈቱ፤ ዘንጉን ቁረጡ፤ ከውሃው በታች የሚውለውን ቅጠል አራግፉ። ባልዲው አስቀድሞ በበረኪና ይታጠብ።

ለማርቆስና ለባሕር ዳር አንድ ዓይነት እንቡጥ መግዛት። ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነች ግማሽ የተከፈተ ጽጌረዳ በማግስቱ ያልፍበታል፤ ጠበቅ ያለውን ውሰዱ። ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቷም ብርድ ነው፤ ጠበቅ ያለው እንቡጥ እንደተዘጋ ሠርጉ ያልቃል። ለማርቆስ ከፈት ያለ ግዙ፣ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አስመጡ።

አበባውን ከሙዝና ከማንጎ ጋር ማሳደር። የሠርግ ቤት ሲጠብ ቀዝቃዛዋ ጓዳ ሁሉንም ትይዛለች። የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ያስረጃል፤ ካርኔሽን ደግሞ ፈጽሞ አይችለውም። ፍሬው ይውጣ።

አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ በእጅ ተጭኖ መድፈቅ። ላዩ ይርሳል፣ መሀሉ ደረቅ ይቀራል። ውሃው ላይ አስቀምጡትና በራሱ ጊዜ ይስመጥ። ዘንግ ሰክታችሁ ካወጣችሁ ወደዚያው ቀዳዳ አትመልሱ።

መኪናውን በዋዜማው አታስጊጡ።

ጥር ላይ ለሚያገባ ሰው አደይ አበባ ቃል አትግቡ። አደይ የመስከረም ናት። ቢጫውን ከወደዱት ክሪሳንተመም አሳዩአቸው፤ ሌላ አበባ መሆኑንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምታኖሩት ነገር ካለ አስቀድማችሁ ካህናቱን ጠይቁ።

የሊሊን ዱቄት መርሳት። አበባው እንደተከፈተ መሀሉ ላይ ያሉትን ቡናማ ጫፎች በሶፍት ይዛችሁ ንቀሉ። አንድ ጊዜ ልምምዱን ሊያዩ የመጡ አክስት ሊሊውን ሊያሸቱ ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸው ነካው፤ ደንግጠው በእርጥብ እጅ ሲያሹት እድፉ ተሰራጭቶ ጥበቡ ድረስ ደረሰ። ውሃ አይነካም፣ አይታሽም። በደረቁ በስኮች እየለጠፋችሁ አንሡት።